ከግራው ቋሚ ሥር ያለችው ነጥብ

እኔ ሸዋወርቅ፣ ፎቶ ላይ የወደቀ አቧራ በማጥፋት በናዝሬት የሚስተካከለኝ የለም እያልኩ አፌን ሞልቼ ስናገር የኖርኩ ሴት ነኝ። ውሸትም አልነበረም። ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ በነበረው በጋሼ ገብረወልድ ፎቶ ቤት አሥር ዓመት ሠርቻለሁ። ፊልም ታጥቦ ሲሰቀል የናዝሬት ነፋስ አያስቀምጠውም። በሩን ብትዘጋ በመስኮት፣ መስኮቱን ብትዘጋ በጣሪያው ስንጥቅ ይገባና አቧራውን እርጥቡ ፊልም ላይ ይበትነዋል። አቧራ ያረፈበት ሁሉ ወረቀቱ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። እኔ ደግሞ ቀጭን ብሩሼን ጥቁር ቀለም አስነክቼ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እሞላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር፣ የኮራሁትም በዚሁ ነው።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በቀበሌዎች ዋንጫ ፍጻሜ፣ የእኛ ቀበሌ ከገበያው ቀበሌ ጋር ገጠመ። የእኛ በረኛ ታናሽ ወንድሜ ንዋይ ነበር። የእነሱ አጥቂ ጆቴ ይባላል፤ የወለንጪቲ ልጅ ነው፣ አጎቱ ቤት ተቀምጦ ወፍጮ ቤት እህል ይሸከማል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኳስ ሲያገኝ ግን የሚይዘው የሌለ ልጅ። እሑድ ዕለት ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ጋሼ ገብረወልድ ሁለት ዓይን ያላትን የጀርመን ካሜራቸውን ይዘው ከማዕዘኑ ባንዲራ አጠገብ ቆሙ።

ባዶ ለባዶ ሆኖ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጆቴ ኳሷን ለጋት። ንዋይ ተወርውሮ ወደቀ፣ ጆቴም ሩጫው አላቆም ብሎት ከግቡ ቋሚ ጋር ተላትሞ ቅንድቡ ተተረተረ። ግቡ መረብ የለውም፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚና አንድ አግዳሚ ብቻ ነው። በዚያችው ቅጽበት ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ ሜዳውን ሸፈነው። አቧራው ሲገለጥ ንዋይ ኳሷን ከደረቱ ሥር አቅፎ በኖራው መስመር ላይ ተኝቷል። ጆቴ ገብታለች አለ። የመስመር ዳኛው ዓይኑን እያሸ አልገባችም አለ። ደሙ በፊቱ እየወረደ ጆቴ ሄዶ የዳኛውን ባንዲራ ነጠቀና በጉልበቱ ሰበራት። እኛ በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰድን፣ እሱ የአንድ ዓመት ቅጣት ተከናነበ።

ነገሩ ጆቴን እንዲህ ያመመው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሚቀጥለው እሑድ የሸዋ ክፍለ ሀገር ምርጥ ቡድን መራጮች ናዝሬት ይመጡ ነበር፣ የሁሉም ዓይን ደግሞ እሱ ላይ ነበር። አንዴ ካመለጠው ወፍጮ ቤት እህል ሲሸከም ሊቀር ነው። አቤት አለ። የከተማው ስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ አምባዬ ሐሙስ በአሥር ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ እንሰማዋለን አሉ። ዋንጫው የተሰጠ ተሰጥቷል፤ ጎሉ ገብቶ ከነበረ ግን ልጁ በንዴት ነው ያጠፋው ብለን ቅጣቱን እናነሣለን፣ ካልገባ ዋሽቶ ሕዝብ አነሣሥቷልና ቅጣቱ ይጸናል አሉ። ያን ጊዜ ሕዝብ አነሣሣ መባል ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል።

እኔ ግን በዚያ ሰሞን ሆዴ ቅቤ ጠጥቷል። የጋሼ ገብረወልድ ካሜራ ያችኑ ቅጽበት ይዛት ነበር! ንዋይ አየር ላይ ተዘርግቶ፣ ከጫማው የሚረግፈው አፈር ሳይቀር ይቆጠራል። ፊልሙ ሲደርቅ መስኮቱ ተበርግዶ አቧራ ስለጠጣ ፎቶው ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ሰኞ ከጧት እስከ ቀትር ተጎንብሼ ሞላሁት፣ መቶ ምናምን ነጥብ ቆጥሬ ተውኩት። ከዚያ እንደ መስታወት የጠራውን ፎቶ መስኮታችን ላይ ሰቀልኩት።

ጉድ ፈላ። የሚሄደው የሚመጣው መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ከመስመሩ በስተጀርባ ኳስ የለችም። የእኛ ሰፈር ሰው ካሜራ አይዋሽም አለ፣ የገበያው ሰው ደግሞ ንዋይ ጋርዷት ነው እንጂ አለ። ንዋይ ራሱ መጥቶ ፎቶውን ብዙ ቆሞ አየው፣ ከዚያ እጅሽ ይባረክ ብሎኝ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ደክሞት ነው አልኩ።

ረቡዕ ሳሊህ መጣ። ሳሊህ በሰርግ በልደቱ እየዞረ ፎቶ የሚያነሣ የወሎ ልጅ ነው፤ በባቡር ከድሬዳዋ ያስመጣት አንዲት ትንሽ የጃፓን ካሜራ አለችው። ባለ ቀለም ነው የሚያነሣው፣ ፊልሙም አዲስ አበባ ሄዶ ነው የሚታጠበው። እኔና እሱ በዚህ ነገር ዓመት ሙሉ ተናክሰናል። እኔ ያንተ ፎቶ ቀለም የተደፋበት ነው እለዋለሁ፣ እሱ ያንቺ ሰዎች ሁሉ የሞቱ ይመስላሉ ይለኛል። ለካስ እሱም እሑድ ከእኛው ማዕዘን ቆሞ ያችን ቅጽበት አንሥቷል። ፎቶውን አወጣና መስኮታችን ላይ ከእኔው ጎን ለጠፈው።

የንዋይ ማሊያ ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ እሱስ አምሮ ነበር። የቀረው ግን እጁ ተንቀጥቅጦ ነው መሰለኝ ሁሉም የተንጨባረቀ ነው። የሰው ፊት የለ፣ የቋሚ ጠርዝ የለ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ቀለም ያለው ነው እውነቱ ይላል፣ አንዱ ጥርት ያለው ነው ይላል። እኔ መሀል ገብቼ፣ ይኼንን ያነሣኸው ከጋሪ ላይ እየወደቅክ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቁ እስከ ጣቢያው ተሰማ። ሳሊህ አልሳቀም። ከግራው ቋሚ ሥር አንዲት ነጭ ጭጋግ በጣቱ አሳየኝ።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

«ጭረት ናት» አልኩት። «የአዲስ አበባ ሰዎች ፊልምህን በጥፍራቸው ነው የሚያጥቡት።»

ደግሞ ሳቁ። ሳሊህ ፎቶውን ነቅሎ ደረት ኪሱ ከተተና ሄደ። ጆቴ ከሕዝቡ ጀርባ ቅንድቡ በፋሻ ታስሮ ቆሞ ነበር። አየኝና ዓይኑን ሰበረ። እኔ ግን በዚያ ቀን ድሌ ነበር የሚታየኝ።

ሐሙስ ጧት የአንድ ክርስትና ፎቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ነጥቦቹን እየሞላሁ ሳለ አንድ ነገር ልብ አልኩ። አቧራ ክብ አይደለም። አንዱ እንደ ክር ይጠማዘዛል፣ አንዱ እንደ ጥፍር ይጎብጣል፣ ክብ የሚሆን የለም። እጄ አየር ላይ ቀረ። ሰኞ ዕለት አንዲት ነጥብ አስቸግራኝ ነበር። ምስር ታክላለች፣ ድብልብል ያለች፣ ሦስት ጊዜ ቀለም ጠጥታ ነው የጠፋችልኝ። የት ነበረች? ከግራው ቋሚ ሥር።

ወንድሜ ትዝ አለኝ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ዝም በዪ የሚል ሐሳብ ነው። ማን ያውቃል? ከእኔና ከብሩሼ በቀር ማንም። ደግሞ የጆቴ ዓይን መጣብኝ፣ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ፣ ደግሞ ሕዝብ አነሣሣ የሚለው ቃል። ተነሥቼ ጋሼ ገብረወልድ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። እሳቸው በዚያ ፎቶ ከእኔ ይብስ ኮርተውበት ነበር። ነጋቲቩን ከፖስታው አወጡት።

«እጠቢው» አሉኝ። «አቧራ ከሆነች ታጥባ ትሄዳለች። ኳስ ከሆነች የትም አትሄድም።»

ጨለማው ክፍል ገባን። የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፍኩ፣ ነጋቲቩን በንጹሕ ውኃ ደጋግሜ አጠብኩት፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ አደረቅኩት፣ ብርሃን አሳየሁትና ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርኩ። በቀዩ አምፖል ሥር ተደፍተን ጠበቅን። መጀመሪያ ቋሚዎቹ መጡ። ቀጥሎ ንዋይ መጣ። ቀጥሎ ሰማዩ፣ ሜዳው፣ የኖራው መስመር። ጠራ ያለ ነው፣ መቶ ምናምኑ ነጥብ ሁሉ ታጥቦ ሄዷል። ከግራው ቋሚ ሥር ግን፣ ከመስመሩ አንድ ክንድ አልፋ፣ ከንዋይ ተረከዝ ኋላ፣ እሷ ነበረች። ክብ ናት። ከሥሯ አፈሩ ላይ ጥላ ጥላለች። አቧራ ጥላ የለውም! ጮህኩ፣ ጋሼ ገብረወልድ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ፣ ወዲያው ደግሞ ወንድሜን አስታውሼ ለቀቅኳቸው።

ፎቶው ሳይደርቅ ይዤው በረርኩ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። ጓድ አምባዬ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ጆቴ ፊት ለፊታቸው ቆሞ፣ ንዋይ ከቡድኑ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ማስረጃ የእኔው ጥርት ያለ ፎቶ ነበር። እርጥቡን ከጎኑ አስቀመጥኩና አንድም ነገር ሳላስቀር ተናገርኩ። ኳሷን ያጠፋኋት እኔ ነኝ፣ አቧራ መስላኝ ነው አልኩ። አሥር ዓመት የኮራሁበትን እጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋረድኩት። አዳራሹ ተንጫጫ። ጓድ አምባዬ ጠረጴዛውን መቱና ሁለቱን ፎቶዎች አንሥተው አገላብጠው አዩ።

«ጓድ ሸዋወርቅ፣ ኳስ ያጠፋ ብሩሽ ኳስ መሳል ያቅተዋል?»

ይኼን አላሰብኩትም ነበር። እውነቴን ነው ብል ማን ያምነኛል? የጠራው ፎቶዬ ውሸት ከሆነ ይኼኛውስ እውነት ለመሆኑ ምን መተማመኛ አላቸው? ዘወር ዘወር ስል ሳሊህን ከበሩ አጠገብ ቆሞ አየሁት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ በሕዝብ ፊት ለመንኩት፤ ትናንት የሳቅኩበትን ፎቶህን ስጠኝ አልኩት። የሳቄን ሊመልስልኝ ይችል ነበር፣ ይገባኝም ነበር። እሱ ግን ወላሂ ከኪሴ አላወጣሁትም ብሎ መጣና ከእኔው ጎን አስቀመጠው።

ጓድ አምባዬ መነጽራቸውን አደረጉ። በእኔው ላይ ክቧ ነጥብ፣ በሳሊህ ላይ ያቺ የተንጨባረቀች ነጭ ጭጋግ፣ ሁለቱም ከግራው ቋሚ ሥር፣ ሁለቱም ከንዋይ ተረከዝ ኋላ። በሳሊህ ፎቶ ላይ የነካ ብሩሽ የለም። ጓድ አምባዬ ቀና ብለው ወንድሜን ጠሩት። ንዋይ ተነሣ። እኔን አየኝ፣ ጆቴን አየው፣ የታሰረ ቅንድቡን አየ።

«እህቴ ነጥብ ትሞላለች እንጂ መሳል አትችልም» አለ። «ገብታ ነበር። አቧራው ሲያለብሰን በእግሬ ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ሰኞ ፎቶው ላይ ሳጣት ፈጣሪ ሸፈነልኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ሰው ተነሣ፣ አግዳሚ ወደቀ፣ የገበያው ሰዎች ጆቴን በትከሻቸው ይዘው ወጡ። የእኛ ሰዎች ንዋይን ሰደቡት፣ እኔን ደግሞ ያልተሰደብኩት ስድብ የለም። እኔ ግን ወንድሜን አቅፌ አለቅስም እስቅም ነበር። ቅጣቱ ተነሣ። እሑድ ጆቴ በተሰፋ ቅንድቡ ተጫወተና ሁለት ጎል አገባ፣ ተመረጠም።

ሰኞ ጧት ለምርጥ ቡድኑ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ መጣ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፣ ገለቶሚ ብሎ በኦሮምኛ አመሰገነኝ። ጋሼ ገብረወልድ አነሡት። ደርቆ ሲወጣ ተቀበልኩና እጄ እንደ ልማዱ ወደ ብሩሹ ሄደ፤ ቅንድቡ ላይ ያለችውን የስፌት ጠባሳ በአንድ ንክኪ ላጠፋለት። ሙሽራውን ሁሉ ሳሳምር የኖርኩ፣ ለእሱ ላደርግለት ያልፈለግኩት ምን አለ? ጆቴ ግን እጄን ያዘኝ።

«ተዪያት እት ሸዋዬ» አለኝ። «እሷም ነበረች።»