የጎረቤት ጫማ

ሞሪ ጫማ አይበላም። ቶርሞዱር ይህን ለጎረቤቶቹ ሦስት ጊዜ ነግሯቸዋል፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። ውሻው ከአንዱ በር ላይ አንድ እግር ጫማ ይመርጣል፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ተጠንቅቆ በአፉ ይዞ ደረጃውን ይወጣል፣ መኝታ ቤት ይገባና የቶርሞዱር ሚስት ስቫንላውግ ትተኛበት በነበረው በኩል ምንጣፉ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በዚያ የሬይካቪክ ፎቅ ሰው ሁሉ ጫማውን ደጅ አውልቆ ነው የሚገባው። ሞሪ ደግሞ የበር እጀታ በመዳፉ መጫን ተምሯል። ዘጠኝ ቤት ሙሉ ጫማ ተደርድሮለታል።

ውሻው የእሷ ነበር። ቶርሞዱር ሠላሳ ዓመት በዓሣ አጥማጅ መርከብ ሞተር ክፍል ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ፣ የገዛ ወንበሩ ላይ ተኝቶ ያገኘው እሱን ነው። ስምንት ዓመት አብረው ኖሩ፤ ተዋደዱ ግን አይባልም። የደረቀ ዓሣ ቆዳ ሲሰጠው መታጠቢያ ቤት ወስዶ እዚያ ካልሆነ አይበላም። ሰው ካስነጠሰ ተቀይሞ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። ቀትር ላይ ሬዲዮው የሟቾችን ስም ሲያነብ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። በየካቲት የስቫንላውግ ስም ሲነበብ ግን ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር። ያን ቀን ቶርሞዱር በመስኮት አውጥቶ ሊወረውረው ምንም አልቀረው።

ስቫንላውግ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አንድ ነገር ብቻ ለምናዋለች። ሞሪን ለማንም እንዳይሰጥ። እሺ አላት። ለሚሞት ሰው እሺ የማይል ማን አለ? አሁን ግን ጠዋት ዓይኑን በገለጠ ቁጥር ያ ውሻ የሌላ ሰው ጫማ አጠገብ ተቀምጦ ባዶውን አልጋ ሲያይ ያገኘዋል፣ ደሙም ይፈላል። ሞታለች ብሎ ጮኾበታል። ውሻው ጅራቱን አንድ ጊዜ ወለሉ ላይ መታና መጠበቁን ቀጠለ።

በሚያዝያ የአንደኛ ፎቋ ጉድፊና ነገሩን አከረረችው። አንድ ቦቷ ጠፍቶባት በነጠላ ጫማ በረዶ እየረገጠች አውቶቡስ ጠብቃለች። ደረጃ በሚጋሩበት ቤት ውሻ ለማኖር ከዘጠኙ ባለቤቶች የስድስቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስቫንላውግ በጊዜዋ በየበሩ ዞራ ፊርማውን አሰባስባ ነበር። ጉድፊና የፈረመችው ለስቫንላውግ እንጂ ለውሻው እንዳልሆነ ተናግራ አዲስ ድምፅ ይሰጥ አለች። የባለቤቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ ኢንጊሙንዱርም እሁድ በአሥራ አንድ ሰዓት ስብሰባ ጠራ።

ቶርሞዱር ለማንም ያልነገረው ነገር ነበር። ይከልክሉ ብሎ ይመኝ ነበር። ከከለከሉት ውሻው ይሄዳል፣ ቃሉንም እሱ አላፈረሰም። እነሱ ናቸው ያፈረሱት። እስኪሞት ድረስ ደረጃው ላይ ባገኛቸው ቁጥር ፊቱን ያዞርባቸዋል።

የብስክሌት ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ሁሉም የየራሱን ወንበር ይዞ ወርዶ ተቀመጠ። ኢንጊሙንዱር ደንቡን አነበበ። አንዱ ስለ ውሻው ፀጉር፣ ሌላው ስለ ጥፍሩ ድምፅ ተናገረ። ቶርሞዱር እጁን አጣምሮ ጥርሱን ነክሶ ሰማ። ጫማ ደረጃ ላይ መደርደር ራሱ በእሳት አደጋ ደንብ ክልክል ነው ብሎ አንዴ ጣልቃ ገባ፤ የሳቀለት የለም።

ጉድፊና ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ በብርድ እንደተመታ ቀልቷል።

«ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጫማ ነክቶ አያውቅም። ምን አገኘው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሂጂና ጠይቂው።»

«አንተን ነው የምጠይቅህ፣ ቶርሞዱር።»

ሊሰድባት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ስቫንላውግ ታማ አልጋ ላይ ስትውል የራሷን ጫማ ያመጣላት ነበር። ተነሽ እንውጣ ማለቱ ነው። ነገ ትለዋለች። በማግስቱም ያመጣል።»

«እና አሁን ለምን የእኛን? የእሷ የት ሄደ?»

«ሰጠሁት።»

«መቼ?»

«ረቡዕ ቀበርኳት፣ ሐሙስ ሁሉንም በከረጢት ሞልቼ ለቀይ መስቀል ሰጠሁት። ማየት አልቻልኩም። ገባሽ? አንድ እንኳ አላስቀረሁም።»

ጉድፊና እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«አንተ ደንቆሮ» አለችው ዝግ ብላ። እሱም ከየካቲት ጀምሮ ራሱን የሚጠራው በዚያው ቃል ነበር።

ኢንጊሙንዱር ውሻው ይቆይ የሚሉ እጅ እንዲያወጡ ጠየቀ። አምስት እጅ ወጣ። ጉድፊና እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ እንደከተተች ቀረች፤ ማዘኑን አዝናለሁ፣ ነገር ግን ባዶ እግሬን አልሄድም አለች። ኢንጊሙንዱር ሁለት ጊዜ ቆጠረ። አምስት፣ አልሞላም ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ።

ቶርሞዱር ተነፈሰ። ሊጮህባቸው ያዘጋጀውን ሁሉ በምላሱ ጫፍ ይዞ ነበር። ሳምንት ሙሉ ሲያጠናው የከረመ ስድብ ነው።

«ቆይ» አለች ጉድፊና። «እሱን አልቆጠርከውም።»

«ስለ ራሱ ውሻ?» አለ ኢንጊሙንዱር።

«ባለቤት አይደለም እንዴ? ደንቡ ዘጠኝ ባለቤት ነው የሚለው። የምሸነፍ ከሆነም በደንቡ ልሸነፍ።»

ከዚያች ሴት በላይ አናዶት የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም፣ ሞሪም ጭምር። ስምንት ፊት ወደ እሱ ዞረ። እጁን ካላነሳ ውሻውን ያባረሩት እነሱ ሳይሆኑ እሱ ራሱ ይሆናል፤ ያውም ሰው ሁሉ እያየው። ኢንጊሙንዱር እንዲወስን ነገረው። ቶርሞዱር ወለሉን አየ፣ የብስክሌቶቹን ጎማ አየ፣ በውስጡ ሚስቱን ሳይቀር ረገመ።

ከዚያ ሊማታ እንደተነሳ ሰው ክንዱን ወደ ላይ ሰነዘረ።

«ስድስት» አለ ኢንጊሙንዱር፣ ጻፈም።

ሰዎቹ ወንበራቸውን ማንሳት ጀመሩ። ጉድፊና ከነገ ጀምሮ በሩን በቁልፍ እንዲዘጋ አስጠነቀቀችው። እዘጋለሁ አላት። የሚረግመው ሰው ሳይኖረው ወንበሩን አጥፎ፣ በየደረጃው ጠርዝ እያንጓጓ ወደ ላይ ወጣ።