የቡሩል ድንኳንና የደቡብ ንፋስ

ልጄ ቡሩል፣ ተራራ ላይ ባለው በሶን ኩል ሐይቅ ዳር ድንኳኗን ከቦርሳዋ ስታወጣ ሳቄ መጣ። ተጠቅልሎ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። እኔ ሳግንባይ ዕድሜዬን ሙሉ ክብ የሱፍ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የእኔን ቤት ለመጫን ሁለት ፈረስ አይበቃም!

«ቤት ብለሽ ሞተሻል! ንፋሱ አንዴ ቢያስነጥስ ካዛክስታን ነው የምናገኘው።»

«ቃል ገብተሃል አባዬ። ድንኳኑ እስከ ማታ ከቆመ፣ በጋውን ለጉብኝት የሚመጣ እንግዳ እየመራሁ ተራራ ላይ አድራለሁ። ከወደቀ አብሬህ ወደ ቤት እመለሳለሁ።»

አዎ፣ ገብቻለሁ። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ ይህን ያለው ሰውዬ ልጅ አልነበረውም መሰለኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከቡሩል ሌላ ማንም የለኝም። እንዲወድቅ ነበር የምመኘው።

አፌ ግን መች ዝም ይላል! «በሩን ወደ ምሥራቅ አድርጊው! በሩ ወደ ሰሜን የዞረ ቤት የት አይተሻል?»

«ንፋሱ እኮ ከደቡብ ነው የሚመጣው።»

«ንፋስ ይመጣል ይሄዳል። ፀሐይ የምትወጣው ግን ሁልጊዜ በምሥራቅ ነው!»

አላስቀየመችኝም፤ ወደ ምሥራቅ አዞረችው። ንፋሱ ጎኑን አግኝቶ አጎበጠው፤ ካስማዎቹ ተነቃቀሉና ድንኳኑ ሜዳውን ይሮጥ ጀመር። ቡሩል ሮጣ በደረቷ ተደፋችበት።

«ወደቀ! በቃ እንሂድ!» ብዬ ኮርቻዬን አነሳሁ።

«የወደቀው ያንተ በር ነው! አይቆጠርም!» ስትቆጣ ቁርጥ እናቷን ናት።

እንደገና ጀመረች። ጨርቁን መሬት ላይ አነጠፈችና ዝቅ ያለውን ጀርባውን ለንፋሱ ሰጠችው። መጀመሪያ እዚያ በኩል ካስማ መታች፤ ምሰሶውን ያቆመችው ከዚያ በኋላ ነው። ገመዶቹን ራቅ አድርጋ ወጠረች፣ በየካስማው ላይ ድንጋይ ጫነች። ቆየት ብሎ ጨርቁ ቀዝቅዞ ሲረግብ ዞራ አጠበቀችው። በሩ ወደ ሰሜን ሆነ፤ እኔም አጉረመረምኩ።

ከዚያ ጋደም ልትል ገባች። ንፋሱ በረታ። አንዱ ድንጋይ ተንከባለለና ከሥሩ ያለው ካስማ ቀስ እያለ ከመሬት ይወጣ ጀመር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። «ሳግንባይ፣ ፊትህን አዙር፤ ንፋሱ ሥራውን ይሥራ» አልኩ ለራሴ። ፊቴንም አዞርኩ።

ከውስጥ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

መቼ እንደተንበረከክሁ አላውቅም። ካስማውን በድንጋይ ቀጠቀጥኩት፣ ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ ከመርኩበት። ስትወጣ እጄ አፈር ለብሶ አገኘችኝ።

«አባዬ! ብትተወው እኮ አሸንፈህ ነበር!»

«ምን ታደርቂኛለሽ! ውስጥ ያለሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» እንባዬ መጣ፤ በንፋሱ አሳበብኩ።

ድንኳኑ እስከ ማታ ቆመ። እኔም ፈረሴን ጭኜ ብቻዬን ወደ ቤት ወረድኩ።