የሰቶ ሰመሮዋ ወፍጮ ዝም ያለች ቀን

ባሌ ጀማለዲን ሁለተኛ ሚስት ማግባቱን የነገረችኝ ሚኒባሳችን ናት። ጎረቤት አይደለም፣ ሐሜተኛ አይደለም፣ ሚኒባሷ። እሷም ብትሆን ጮኻ አይደለም የነገረችኝ፤ ዝም ብላ ነው።

ቆይ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ይህቺ ሚኒባስ ከጅማ ሰርቦ፣ ከሰርቦ ጅማ ሰው እያመላለሰች እኛን የምታበላ አሮጊት ናት። አመሏ አንድ ነው። ጀማለዲን ሱብሒ ሰግዶ ሲመለስና ቁልፉን ሲያዞር፣ ቀጨቀጨቀጨቀጨ! አንድ ሰው ሞተሩ ውስጥ ተቀምጦ ጣሳ ሙሉ ምስማር የሚያናውጥ ይመስላችኋል። ሦስቴ ቢስሚላህ እስክትሉ ትጮህና ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ ትላለች። ሰፈራችን ሰቶ ሰመሮ ውስጥ ስሟ «ወፍጮ» ነው። ሰፈሩ በሙሉ በእሷ ይነቃል። ከኋላችን የተከራየው የኮሌጅ አስተማሪ ደግሞ በየጠዋቱ ይራገማታል፤ ትምህርቱ ለዚያም አልጠቀመውም፣ እርግማኑ አይዝም።

እኔም ተራግሜያለሁ፤ ምን እደብቃለሁ። «አንተ ሰው፣ ይህቺን መኪና አሳያት» ስለው፣ «ምንም የላትም» ይለኛል። አንድ ሁለቴ ጋራዥ ወስዷታል፤ ግን እዚያ ስትደርስ ትኩስ ናት፣ ትኩስ ስትሆን ደግሞ እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ነው የምትነሳው። ሜካኒኩ ነጋሳ፣ «ጀማል፣ የታመመው ጆሮህ ነው» ብሎ ስቆበት መልሶታል። ጀማለዲን ያንን ሳቅ ከሰማ በኋላ ስለ ጩኸቱ ማንሳት ቤት ውስጥ ነውር ሆነ።

እንዲህ እንዲህ እያለ እኔ ሕጓን አወቅኩ። ምሳ በልቶ፣ ሶላቱን ሰግዶ ሲያስነሳት አትጮህም። ሌሊቱን ቆማ ካደረች ግን ትጮኻለች። ካደረች ትጮኻለች፣ ስትሠራ ከዋለች ዝም። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል።

ታዲያ ዐረፋ ባለፈ ሰሞን አንድ ጠዋት ነቃሁ፤ ባሌም የለም፣ መኪናዋም የለች፣ ጩኸትም አልሰማሁ። እንቅልፍ ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ግን ዓይኔን አፍጥጬ ጠበቅኩ። ቁልፉ ዞረ። ሩርርር አለችና ወጥታ ሄደች። ያ ምስማር የለ፣ ያ ጣሳ የለ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሒሳቤን ሠራሁ፦ ካደረች ትጮኻለች፤ ካልጮኸች አላደረችም። ካላደረች የት ነበረች?

እኔ ደግሞ ከወፍጮ ጩኸት በቀር የሚቀሰቅሰኝ የለም፤ እንቅልፌ የሬሳ ነው። ቤቱን ከነጣሪያው ነቅለው ቢወስዱት ጠዋት ሜዳ ላይ ነው የምነቃው። ይህን ከጀማለዲን በላይ የሚያውቅ የለም። ሴት ካለችው በየቀኑ የሚመላለስባት ሰርቦ ውስጥ ናት፤ ሰርቦ ደግሞ ቅርብ ናት፤ እኔ ሳንኮራፋ ሄዶ፣ ከሱብሒ በፊት ተመልሶ፣ ውዱእ አድርጎ መስጊድ መግባት ይችላል። የዚህ ሰው ድፍረት!

ቢሆንም ሰው ሳላረጋግጥ አልወነጅልም። ማታ ከኋላ ጎማዋ ሥር እንቁላል አስቀመጥኩ። ጠዋት ከእሱ ቀድሜ ወጣሁ፤ እንቁላሉ ቁጭ ብሏል። ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ትተወው ነበር። እኔ ግን አሰብኩበት፦ ሲወጣ አይቶ አነሳው፣ ሲመለስ መልሶ አስቀመጠው። ያላጠፋ ሰው እንዲህ ይጠነቀቃል? ኮፈኑን ዳሰስኩት፤ በረዶ ነው። የጅማ ዝናብ ምን የማያቀዘቅዘው አለ! እንቁላሉን ጠብሼ ለራሱ ለጀማለዲን አበላሁት፤ «ይጣፍጣል» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ነገሩን የጨረሰው ስልክ ነው። እኔ ከቤቱ ጀርባ ልብስ አሰጣለሁ፤ እሱ በር ላይ ሚኒባሷን እያጠበ ከሾፌር ጓደኛው ከሳዲቅ ጋር ያወራል። ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅበትም።

«ወላሂ ሳዲቅ፣ ብዙ ታገስኳት እኮ! ውስጧ ደርቋል። ምንም አትይዝም። በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ጩኸት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ታዘበኝ። አዲሷ ከገባች ወዲህማ ጸጥ! ሰላም አገኘሁ። አንተም ያችን አሮጌህን ቶሎ ቀይራት፣ ነግሬሃለሁ።»

የሰጣሁትን ልብስ ውኃው እየተንጠባጠበ መልሼ ከገመዱ አወረድኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለሳዲቅ ሚስት ለሩፈይዳ እንኳ አዘንኩላት፤ ምስኪን፣ ምንም አታውቅ።

አሮጌ መባሉን ልቻለው፤ መስታወት አለኝ። ያቃጠለኝ «ውስጧ ደርቋል» ያለው ነው። ልጅ የለንም። በተጋባን በጥቂት ዓመታችን አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሄደን ነበር። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ፣ ችግሩ ከእኔ ሳይሆን ከጀማለዲን መሆኑን ነገረን። ስንመለስ፣ ያ ግንድ የሚያክል ሰው ፊቱን ወደ አውቶቡሱ መስኮት አዙሮ አለቀሰ። አንጀቴ አልቻለም። «ተወው፣ እኔ ነኝ እንላለን። የእኔ ትከሻ ሰፊ ነው» አልኩት። እንዳልኩትም አልን። ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ዘንድ ደረቋ እኔ ነኝ። ታላቅ እህቱ እትዬ ኩልሱም ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ከደዶ ገጠር የመጣ ሥር፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቅጠል እየቀቀለች ስታጠጣኝ ኖራለች። ያልጠጣሁት ነገር ቢኖር የመኪና ዘይት ነው። ሁሉንም ዝም ብዬ ጠጣሁ፤ ለእሱ ብዬ። አሁን ያ ሰው ራሱ ውሸታችንን አምኖ በስልክ ያወራዋል!

ቀጥ ብዬ ታላቅ ወንድሙ ሐጂ ፋሂም ዘንድ ሄድኩ። «ወንድምዎ አዲስ አስገብቷል። ቁጭ አድርገው ይጠይቁልኝ» አልኳቸው። ልቤ ቆርጧል፤ እውነት ከሆነ ሻንጣዬን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ነው። ስወጣ ግን ያንን የሐኪም ነገር ምንጣፉ መሐል ዘርግፌላቸው ነው የምወጣው። ለአዲሷም ብትሆን ይጠቅማታል፤ ያን ሁሉ ቅጠል በከንቱ እንዳትጠጣ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ መጡ። ሐጂ ፋሂም ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። እትዬ ኩልሱም ሳትጠራ መጣች፤ ለሠርግና ለጠብ ጥሪ አትጠብቅም። ጀማለዲን ከሥራ ገብቶ ሲያየን ግራ ገባውና ጥግ ላይ ቁጭ አለ።

«ጀማለዲን» አሉ ሐጂ ፋሂም፣ «ሚስትህ ባህሪያ አዲስ አስገብቷል ትላለች። እውነት ነው?»

ይደነግጣል ብዬ ስጠብቅ ጥርሱ እስከ ጆሮው ተገለጠ። «አልሐምዱሊላህ! አወቀች ማለት ነው! እኔ እኮ መቼ ይሆን የምታውቀው እያልኩ ስጠብቅ ሰነበትኩ!»

«ዓይን አውጣ!» አልኩ።

«ቆይ ባህሪያ» አሉና ሐጂ ወደ እሱ ዞሩ፣ «መቼ አስገባሃት?»

«ዐረፋ እንዳለፈ።»

«ማን አገኘልህ?»

«ነጋሳ፣ የጋራዡ። ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ።»

እትዬ ኩልሱም ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ለዚህ ቀን ስንት ዱዓ አድርጋለች! «የየት ናት?» አለች ወደ ፊት እየተሳበች።

«የጃፓን።»

«ማል ጄታ?» አሉ ሐጂ። ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋባቸዋል። ምን አልክ ማለታቸው ነው።

«ኤዬ፣ አዎ፣ የጃፓን። ኦሪጅናል! የቻይናዋን ሞክሬ አይቼ የለ? ዓመት ሳትሞላ ደረቀች።»

«የቻይናም ነበረች?» ከዘራው ከሐጂ ጭን ወደቀ።

«እጅ ያልነካት ናት?» እትዬ ኩልሱም ናት፤ እሷ ሌላ ምን ትጠይቃለች።

«እንዴ! በካርቶን እንደታሸገች ነው የመጣችው!»

«አስተግፊሩላህ! አስተግፊሩላህ! ለመሆኑ እስከ መቼ ልታኖራት አስበሃል?» አሉ ሐጂ።

«አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር። ከዚያ አውጥቼ እጥላታለሁ፤ ሌላ አስገባለሁ።»

ሐጂ ፋሂም ወንድማቸውን ትክ ብለው አዩት። «አንተ ሰው፣ ስለ ምንድን ነው የምታወራው?»

«ስለ ዘይት ፊልትሮዋ ነዋ! እናንተስ ስለ ምን ነው የምታወሩት?»

ጀማለዲን ሮጦ ወጣና ከሚኒባሷ ወንበር ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ፊልትሮ ይዞ ተመለሰ። ቀዳዳውን እያሳየ ያብራራልን ጀመር፦ «ውስጥ ያለችውን ላስቲክ አያችኋት? መኪናዋ ስትቆም ዘይቱን ይዛ የምታሳድር እሷ ናት። ስትደርቅ አትይዝም፤ ዘይቱ ሌሊቱን ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ሞተሩ በደረቁ ይነሳና ዘይት እስኪደርሰው ይንቀጫቀጫል። ነጋሳ ለለቅሶ ሰርቦ ሊሄድ ማልዶ መጥቶ በገዛ ጆሮው ባይሰማት ኖሮ እስከ ዛሬ እየሳቀብኝ ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። «ዓመት ሙሉ ስትነተርኪኝ ልክ ነበርሽ ብዬ እንዳልነግርሽ... ያው፣ ራስሽ አውቀሽ ታመሰግኚኛለሽ ብዬ ነው።»

ሐጂ ፋሂም ሳቃቸው መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በሆዳቸው፣ ከዚያ ከዘራውን ሙጥኝ ብለው ሳቁ። «የጃፓን!» ይላሉ፣ «በካርቶን!» ይላሉ፣ እንደገና ይስቃሉ። እኔም ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር።

እትዬ ኩልሱም እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች፣ «ቢሆንም ቢሆንም» አለች፣ «ከብረት እንኳ አንማርም እንዴ? ሲደርቅ ይቀየራል። ወንድሜ ግን ለመኪናው ያዘነውን ያህል ለራሱ አላዘነም።»

ደሜ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ ሁሉም ያልቃል። ጀማለዲንን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ አሮጌውን ፊልትሮ እያገላበጠ ነው። እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ያየሁትን ፊት አየሁ። መልሼ ዋጥኩት። አላህ ያውቃል፣ ከዚያ ከደዶው ሥር ይበልጥ ይመር ነበር።

«የደረቀው እኔ ነኝ» አለ ጀማለዲን።

«ምን?» አለች እትዬ ኩልሱም።

«ባህሪያ ምንም የላትም። ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮናል። እኔ ነኝ። አፍሬ ነው፤ እሷ ተሸከመችልኝ።» ያልገባቸው መስሎት ይሁን፣ ፊልትሮውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ደረቱን በጣቱ እየነካ በኦሮምኛ ደገመላቸው። «አነ።»

ሐጂ ፋሂም ከዘራቸውን ፈልገው ለመነሳት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። በር ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዱዓ ይሁን ይቅርታ አልሰማሁትም። እትዬ ኩልሱም ጫማዋን ግራና ቀኝ አዟዙራ አድርጋ ነው የወጣችው።

እኔና እሱ ብቻችንን ስንቀር፣ «ስለ ፊልትሮው ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አልኩት። «አንቺስ ስለ አዲሷ ብትጠይቂኝ?» አለኝ። ዱላ ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፣ እንደ ሕፃን፣ ያ ቆሻሻ ፊልትሮ ምንጣፌ ላይ ዘይቱን እያንጠባጠበ። እድፉ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ኩልሱም ናት፤ ያችን የማውቃትን ጥቁር ማሰሮ በጨርቅ አቅፋለች፣ ሽታዋ ከአጥር ውጭ ይጣራል። ኧረ የዚች ሴት ነገር አሁንም አላበቃም ብዬ፣ እንደ ልማዴ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። እጄን ይዛ መዳፌን ሳመችው። ማሰሮውን ግን አልሰጠችኝም።

«ላንቺ አይደለም» አለችና አልፋኝ ገባች። «ጀማለዲን! ና ጠጣ!»

እኔ ራሴ ኩባያውን ይዤለት እስከ አተላው አስጠጣሁት።