የላይኛዋ ቁልፍ

«ዝም በይ!» እናቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «እኔ ባሌን አላውቀውም? ፎቶው ገና ሲገባ ነው ያየሁት።»

ልጅቱ ከሹራቧ ሥር የደበቀችውን ትንሽ ፎቶ ይበልጥ ጨበጠችው። ለቀስተኛው ሳሎኑን ሞልቶ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶ እያየ ይነፋረቃል። ፍሬሙ ውስጥ ያለው ግን አባቷ አይደለም። የፊልም አክተር ነው! ባርኔጣውን ጋደል፣ የሸሚዙን የላይኛዋን ቁልፍ ከፈት አድርጎ በሙሉ ጥርሱ ይስቃል።

ፎቶውን ከአባቷ ስፌት ቤት ግድግዳ አውርዶ፣ አሳድጎ ያመጣው የአባቷ ታላቅ ወንድም ርዕሰ መምህሩ ነው።

«ስድስት ዓመት ደጃችንን ያልረገጠ ሰው» አለች እናቷ በሹክሹክታ፣ «ፎቶ ተሸክሞ እያለቀሰ መጣ። ብታሳፍሪው ዳግመኛ ይመለሳል? አባትሽ እኮ በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ እየመሰለው ነው የሞተው።»

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሰፈሩ የሚጠራው ግን «አክተሩ» እያለ ነው። ከመጽሔት የአክተርና የዘፋኝ ፎቶ ይቆርጣል፣ የኮሌታውን ስፋት በማስመሪያ ይለካል፣ ያንኑ ሱፍ ይሰፋና መጀመሪያ ራሱ ይለብሰዋል። ከዚያ ፎቶ ቤት ሄዶ ልክ እንደ ባለሱፉ ቆሞ ይነሳና ሁለቱን ጎን ለጎን ይሰቅላቸዋል። «ደንበኛ እንዲያነጻጽር ነው» ይል ነበር። ደንበኛውም ያነጻጽራል፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

ወንድምየው ግን ስቆ አያውቅም። በገዛ ልጁ ሠርግ ቀን አባቷ እንደ ዘፋኝ ነጭ በነጭ ለብሶ ከች ሲል ፊቱ ተለዋወጠ። አባቷ ይባስ ብሎ እጁን ወደ ወንድሙ አንገት ሰደደ፤ «ጋሼ፣ ይቺን የላይኛዋን ቁልፍ ክፈታትና ትንሽ ተንፍስ!» ወንድምየው በሰው ፊት እጁን መታው። «አንተ መቼ ነው ሰው የምትሆነው?» በዚያው ተኳርፈው ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ የስፌት ቤቱ ጎረቤት፣ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥን ሰው ነው፤ የዚህ አክተር ፎቶ እሱም ቤት መስታወት ላይ ተለጥፏል። ልጅቱ በሩ ላይ ልታገኘው ተነሳች፤ አልደረሰችም። ሰውየው መሀል ሳሎን ቆሞ ቀና አለ።

«እንዴ! ይሄማ…»

ሰው ሁሉ ዞረ። እናቷ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ይሄማ…» ምራቁን ዋጠ። «ሱፉ ልክክ ያለበት ነው። ወይኔ ወንድሜን!» ብሎ ስቅስቅ አለ።

ልጅቱ ተነፈሰች። ርዕሰ መምህሩ ግን ሙገሳው ልቡ ገባ። «የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለና ተነሥቶ የፍሬሙን መስታወት በመሐረቡ ይወለውል ጀመር። ባርኔጣውን ጠረገ፣ ጉንጩን ጠረገ። አፉ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

የአባቷ የፊት ጥርስ ሸራፋ ነበር። በልጅነታቸው በድንጋይ የሸረፈውም ይኸው ታላቅ ወንድሙ ነው።

ርዕሰ መምህሩ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። «በቃ፣ ሄደ» አለች እናቷ።

ልጅቱ ሮጣ ደረሰችበት። የግቢውን በር እጀታ ይዞ ቆሟል።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«ጋሼ፣ አንተ እንዳትሄድብን እማዬ ፈርታ ነው።»

«የወንድሜን ፊት ረሳሁት» አለ። «ስድስት ዓመት ሳላየው ፊቱን ረሳሁት!»

ትንሹን ፎቶ ከሹራቧ ሥር አውጥታ ሰጠችው። ያው ባርኔጣ፣ ያው ሱፍ፣ ያው አቋቋም ነው፤ ሳቁ ውስጥ ግን ሸራፋው ጥርስ አለ። ርዕሰ መምህሩ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

ከዚያ ወደ ሳሎኑ ተመለሰ። ለቀስተኛው እያየው ፎቶውን በአክተሩ ፊት ላይ፣ ፍሬሙ ጠርዝ ውስጥ ሰካውና ቦታው ተቀመጠ። እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። የላይኛዋን ቁልፍ ከፈታት።