ባለ መዝጊያው ቴሌቪዥን

በ1979 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው አልነበረም። የሚታይም ነገር አልነበረም፤ የአዲስ አበባው ሥርጭት ዳገታችንን መውጣት አቅቶት እታች ቀርቷል። ቢሆንም ጓድ የሻው ስለ ቴሌቪዥን ሁለት ቀን ሙሉ ስብሰባ መርቷል።

ጓድ የሻው የእርዳታ ማደያችን ኃላፊ ነው። ማደያው ውስጥ ከሰውነት የወጡ ልጆችን የምትመዝን ፈረንጅ ነርስ ነበረች። የጸሎት መጽሐፍ የምታክል ኮምፒውተር ነበረቻት፤ ኮምፒውተሯ የራሷ የምስል መስታወት የላትም፣ በሽቦ ቴሌቪዥን ላይ ትሰካና ጽሑፏ እዚያ ይታያል። እኔ የተቀጠርሁት ለገንፎ ጭልፋ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ የቀረውን ከመዝገበ ቃላት ጋር እየተናነቅሁ ብቻዬን ጨረስሁት። ነርሷ ይህን አይታ ጭልፋዬን ተቀበለችኝና ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችኝ። በሦስት ወር የአራት መቶ ልጅ ክብደት በጣቴ አለፈ። በመዝገብ ቢሆን ክብደቱ የወረደውን ልጅ ለመለየት ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ማሽኑ ግን አፍታም ሳይቆይ ስም በስም ይዘረግፈዋል።

ነርሷ ስትሄድ ኮምፒውተሩን ለማደያው ሰጠች፣ ቴሌቪዥኗን ግን ይዛ ሄደች። ርካሽ ግዙ፣ ትንሽም ቢሆን ይበቃል ብላ ለጓድ የሻው ነግራዋለች። እሱ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ግዙ» የሚለውን ብቻ ነው።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ጓድ የሻው፣ ጸሐፊው ቢሆነኝ የሚባል የእህቱ ልጅ፣ እኔ ደግሞ ጸሐፊው መጻፍ የነበረበትን የምጽፍ ገንፎ ሠሪዋ። ቢሆነኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል፤ ይህን ሳይናገር እህል አይወርድለትም። ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው እሱ እንዲሆን አጎቱ አስቦለታል፣ እኔ ወደ ጭልፋዬ። እንግዲህ ለእኔ ነገሩ ይህ ነበር፦ ማሽኑ ከበራልኝ እጄ የሚያውቀውን አሳያለሁ፤ ካልበራ ገንፎ ሳማስል አረጃለሁ።

ሁለቱን ቀን የተከራከሩት ስለ ቁመቱ ነው። ጓድ የሻው ቴሌቪዥኑ ካነሰ የመሥሪያ ቤቱ ክብር እንደሚነካ አስረዳ። ቢሆነኝ ለአቧራው ሲባል መዝጊያ ይኑረው አለ። እኔ እጄን አውጥቼ፣ ማሽኑ የሚታየው ሠላሳ ስድስተኛው ቻናል ላይ ብቻ ስለሆነ ማዞሪያው እስከዚያ የሚደርስ ይገዛ አልሁ። ጓድ የሻው ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ አዘዘ። ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔው ነኝና ብዕሬን አስቀመጥሁ።

በእህል መኪና በጋሸና አድርገን ወልድያ ወረድን። ኮምፒውተሩን ይዘን ሄደን እንሞክርበት ብል፣ የመንግሥት ንብረት በመንገድ አይንገላታም ተባልሁ። ወልድያ ላይ ያገለገለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚሸጡት እትዬ ኡሙሀኒ ናቸው፤ ባላቸው ጠጋኝ ነበሩ፣ ሲሞቱ ዕቃውም ሙያውም ለእሳቸው ቀረ። ሱቁ መሀል ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ባለ እግር፣ ባለ ሁለት መዝጊያ ቴሌቪዥን ተገትሯል። ጓድ የሻው መዝጊያውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ቢሆነኝ በጣቱ አንኳኳና ዋንዛ ነው አለ። ስለ ቴሌቪዥኑ የተባለው ይኸው ነው።

እኔ ማዞሪያውን አየሁ። አሥራ ሁለት ላይ ያልቃል። ጥግ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ቀይ ፕላስቲክ ቴሌቪዥን አለች፤ ሁለት ማዞሪያ አላት፣ ሁለተኛው ከስድሳ ያልፋል፣ ዋጋዋም የትልቁን ሩብ አይሞላም። ይህቺ ናት ስላቸው ቢሆነኝ ትልቁ ወልዷት እንደሆነ ጠየቀኝ።

እትዬ ኡሙሀኒን ወደ ጓዳ ተከትዬ፣ ትልቁ እንደማይሆነን እንዲነግሩልኝ ለመንኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ሰውዬ ቁም ሣጥን ሊገዛ ነው የመጣው። ቁም ሣጥን ለፈለገ ሰው ቴሌቪዥን ብሸጥለት አላህም አይወድልኝ።»

«እንግዲያውስ ቀይዋን ምራቂ ያድርጉልኝ።»

በበሩ አሾልከው ወደ ሱቁ አዩ። ትልቁ ከሱቃቸው ንቅንቅ ሳይል ሦስት ክረምት አልፎታል። ወጡና ለጓድ የሻው፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ያለ ምራቂ አይሸኝም አሉት። ለልጆች መጫወቻ ትሆናለች ብሎ አስጫናት።

ላሊበላ ስንገባ ትልቁን አራት ሰው ተሸክሞ ቢሮ አስገባው። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ቢሆነኝ ሽቦውን ሰካ፣ መዝጊያው ተከፈተ። በወንፊት የሚነፋ ዱቄት የመሰለ ነገር ይንሿሿል። አሥራ ሁለቱንም ቻናል አዞረ፤ አሥራ ሁለት ዓይነት ዱቄት። ጓድ የሻው ጥፋቱ የማሽኑ ነው ብሎ ወሰነ። ቢሮውን ቆለፈና፣ ነርሷ ብልሹ ዕቃ ጥላብን ስለሄደች ይወሰድልን የሚል ደብዳቤ ለደሴው ዋና ቢሮ ላከ። ደብዳቤውን ያስጻፈው እኔን ነው።

በሳምንቱ ማሽኑን ልትወስድ ከደሴ አንዲት ዝምተኛ ተቆጣጣሪ መጣች። ቀኑ የምዘና ነበር፤ ከአሸተን ተራራ ቁልቁል የወረዱ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከጠዋት ጀምሮ ይመጣሉ። ጓድ የሻው መዝጊያውን ከፍቶ ዱቄቱን ሲያሳያት ቀይዋን ታቅፌ ገባሁ።

«ጓድ የሻው፣ ከመወሰዱ በፊት መጫወቻዋን ልሞክርበት?»

«አንቺ ገንፎሽ እንዳያርርብሽ።»

ሴትዮዋ ግን ሽቦውን ራሷ ነቅላ ሰጠችኝ። ሁለተኛውን ማዞሪያ ሠላሳ ስድስት ላይ ሳደርሰው ዱቄቱ ጠፋና ጽሑፉ ወጣ። ነርሷ የተወችውን፣ የማሽኑ ፕሮግራምና የልጆቹ ክብደት ያለበትን ካሴት በቴፕ ማጫወቻዋ ለማሽኑ አስነብቤ የዕለቱን ክብደት ከመዝገቡ አስገባሁ። ክብደታቸው የወረደ ዘጠኝ ልጆች ስም ተዘረገፈ። ከዘጠኙ ሁለቱ፣ ቢሆነኝ መዝገቡ ላይ «ደህና» ብሎ ጽፎባቸው ጠዋት ወደ ቤታቸው ተሸኝተዋል። ሴትዮዋ ወጥታ ከኋላቸው ሰው አስሮጠች።

ተመልሳ ማን እንደሚሠራበት ጠየቀች። ጓድ የሻው ሥራው በኮሚቴው የጋራ አመራር እንደሚካሄድ ሲያስረዳ፣ እሷ ወንበር ስባ ለእኔ አቀረበችልኝ።

ባለ መዝጊያው የተጠለፈ ጨርቅ ለብሶ ቢሮ ውስጥ ቆሟል። ማሽኑ ላይ እንድሠራ የሚመድበኝ ደብዳቤ በወሩ ከደሴ መጣ። ጓድ የሻው አስጠርቶኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ፤ «ለጊዜው» የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈበትና፣ ቋሚነት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለጨረሰ እንጂ እንደ እኔ ላለች እንዳልሆነ አብራራ። በመስኮቱ አርባ የሚሆኑ እናቶች ይታያሉ።

«ሰምቻለሁ፣ ጓድ» አልሁት። «አሁን ጣትዎን ያንሡልኝና ደብዳቤዬን ልውሰድ፤ ልጆች ተሰልፈዋል።»