የገመዱ ሁለት ጫፍ

ነፊሳ ይቅር ትላለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ነፊሳን የማያውቅ ነው። ሰው ይቅርና፣ ከስድስት ዓመት በፊት ጭቃ የረጫትን ሚኒባስ የታርጋ ቁጥር እስከ ዛሬ በቃሏ ትይዛለች። መምህር ሸውቂን ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ወለል እየወለወለች ከእግሩ ሥር ሆና ስታየው ኖራለች። እሱ ሰላም ይላታል፤ እሷም አልሐምዱሊላህ ትላለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በግብጽ፣ በዲምያጥ ከተማ ባለ አንድ የሴቶች መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ተማሪዎቹ ሞግዚት እንደ ማለት «ዳዳ» ይሏታል፤ መምህራኑ ደግሞ በልጇ ስም «ኡም ኢስራ»፣ የኢስራ እናት። ልጇ ኢስራም እዚያው ነበር የተማረችው፣ እስከ ሦስተኛ ዓመት። የሳይንስ አስተማሪዋ ይኸው ሸውቂ ነበር።

ሸውቂ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር አፉን በግማሽ ነው የሚከፍተው። ሙሉውን የሚከፍተው ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው አጠገብ በተከራየው የማስጠኛ ቤት፣ ለሚከፍሉት ነው። የሚከፍሉት ፊት ይቀመጣሉ፤ የማይከፍሉት ኋላ። ኢስራ ኋላ ነበረች። ቢሆንም ጎበዝ ነበረች፤ ይህ ነው ሰውየውን የከነከነው።

አንድ ቀን ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ፈተና ሰጠ። «ሁለት ሰዎች ገመድ ተጓትተው አንደኛው አሸነፈ። ለምን?» ይላል ጥያቄው። በሸውቂ መጽሐፍ መልሱ «የአሸናፊው ኃይል ስለሚበልጥ» ነው። ኢስራ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ገመዱ ሁለቱንም እኩል ነው የሚስባቸው። ያሸነፈው እግሩ መሬት የያዘለት ነው።»

ወረቀቱን ይዞ ፊት አወጣት።

«ይሄን ማን ነው ያስተማረሽ?»

«እናቴ።»

የፊት ወንበሮቹ ሳቁ። «እናትሽ!» አለ ሸውቂ። «እናትሽ የምታውቀው መሬት ነው፤ አንቺም መሬት መሬት ትያለሽ።» በጥፊም መታት። ነፊሳ ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በሙሉ ዓይኗ አየች። ያኔ ገና በጊዜያዊነት የተቀጠረች ነበረች፤ ዝም አይነቅዝም አለችና አጎንብሳ መወልወሏን ቀጠለች።

ሁለት ማርክ ተቀነሰባት። ኢስራ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ለመግባት አንድ ማርክ ጎደላት። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሶፋ ሠሪዎች ዘንድ ትራስ ስትሞላ ትውላለች። ከእናቷ ጋር የሚያነጋግራት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ራት አለ?» እና «በሩን ዘግተሻል?»

ነፊሳ ነገሩን እንዲህ ተረዳችው፦ ልጄ በእኔ ቃል ወደቀች፤ እናቴ ያልሆነ ነገር አስተማረችኝ ብላ ቂም ይዛብኛለች። ስለዚህ ሁለት ነገር ፈለገች። አንደኛው፣ ያ መልስ ልክ መሆኑ በሰው ፊት እንዲታይ። ሁለተኛው፣ ሸውቂ እንዲወድቅ። ከሁለቱ የትኛውን አብልጣ እንደምትፈልግ ብትጠየቅ መልሷ እንደ ቀኑ ነው።

መልሱ ልክ ለመሆኑ ጥርጥር አልነበራትም። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ቁም ሣጥን በጋሪ ሲጎትት የኖረ ሰው ነው። ዝናብ በዘነበ ቀን እግሩ ላይ ጆንያ እየጠቀለለ፣ «የሚጎትተው እጅ አይደለም ልጄ፣ እግር ነው። እጅማ ይዞ ብቻ ነው የሚቆመው» ይላት ነበር። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገውም። ጋሪው ራሱ ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ አስተምሮታል፣ አንዱን ጊዜ ጥርሱን አርግፎ።

በጥር ወር፣ ሰኞ ቀን ተቆጣጣሪ ትመጣለች ተባለ። ትምህርት ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። ግድግዳው ተቀባ፤ የተሰበሩት ወንበሮች ጣሪያ ላይ ወጡ፤ አበባ በአደራ ተለመነ። የሴራሚክ ወለል እንዲያበራ በውሃው ላይ ነጭ ጋዝ ጠብ ይደረጋል፣ ልማዱ ነው። ሸውቂ ሐሙስ ዕለት ነፊሳን ጠራት።

«ኡም ኢስራ፣ ሰኞ ወለሉ ላይ ፊቴን ማየት እፈልጋለሁ።»

«ያዩታል መምህር» አለችው። «ደህና አድርገው ያዩታል።»

ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር የሚያሳየው ትርዒት አንድ ነው፦ ገመድ ጉተታው። መቶ አሥር ኪሎ ሰውነቱን ተማምኖ ሁለት ሦስት ልጃገረዶችን እየጎተተ «ኃይል ማለት ይህ ነው» ይላል። ጫማው ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቀን ተብሎ የተቀመጠ፣ ሶሉ ሳይቀር ቆዳ የሆነ፣ ሲሄድ ቋ ቋ የሚል ነው። ነፊሳ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሰኞ ማለዳ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ያለውን ወለል ስትወለውል ጠብ የሚደረገውን ነጭ ጋዝ ግማሽ ጠርሙስ አደረገችው። በሩ ሥር አንድ እርምጃ የሚያህል ቦታ ደረቅ ተወች። ኮሪደሩ ሸካራ ሲሚንቶ ነው፤ ነጭ ጋዝ ነክቶት አያውቅም። ከዚያ ሶላቷን ሰገደች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባል አጥታው አይደለም፤ ግን ሰገደች።

ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ሱሄር መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀስ ብላ የምትጽፍ ሴት ነበረች። ርዕሰ መምህርቷ አብላ ኒዕማት ከጎኗ ተቀመጠች። ትምህርቱ እንደ ድራማ ነበር፤ ጥያቄው ለማን፣ መልሱ ከማን፣ ሁሉም ከሳምንት በፊት ታድሏል። የኋላዎቹ እጅ እንዳያወጡ ተነግሯቸዋል።

ገመዱ ወጣ። «ወለሉን እንዳታቆሽሹ ጫማችሁን አውልቁ» አለ ሸውቂ። ሁለት ቀጫጭን ልጆች በካልሲ ቆሙ። ሸውቂ ትንሽ ተንሸራተተና በግዝፈቱ ጎትቶ አመጣቸው። እነሱም እየሳቁ መጡ።

«ለምን አሸነፍኩ?»

«የቲቸር ኃይል ስለሚበልጥ!» አሉ የፊት ወንበሮቹ በአንድ ድምፅ።

ወይዘሮ ሱሄር ብዕሯን አቆመች። «ገመዱ አንድ ነው አይደል? በእርስዎ በኩል ሲስብ ይበዛል፣ በልጆቹ በኩል ያንሳል ማለት ነው?»

«እንዴታ!» አለ ሸውቂ።

«የኃይል መለኪያ ሚዛን የላችሁም?»

«አለን እንጂ!» አለች አብላ ኒዕማት በኩራት። «አሥራ ሁለት አለን። እንዳይሰበሩ ተቆልፎባቸዋል።»

«ቁልፉስ?»

«የያዘው ሰው እረፍት ላይ ነው።»

በዚህ ጊዜ ከበሩ «አይደለም» የሚል ድምፅ መጣ። ሁሉም ዞረ። ነፊሳ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች።

«ኡም ኢስራ!» አለች አብላ ኒዕማት በጥርሷ።

«ቆይ ተያት» አለች ተቆጣጣሪዋ። «ምንድን ነው ያልሆነው?»

«ገመዱ ሁለቱንም እኩል ነው የሚስባቸው። ያሸነፈው እግሩ መሬት የያዘለት ነው።»

ነፊሳ ይህን ስትል የሸውቂን ፊት በደንብ ተመለከተች። ይደነግጣል ብላ ነበር። አልደነገጠም። ቃሉን ከዚህ በፊት መስማቱ ጭራሽ ትዝ አላለውም፤ ደረቱን ነፍቶ ሳቀ። የነፊሳ ደም የፈላው ያኔ ነው።

«መሬት ስትወለውይ ውለሽ መሬት ሁሉን የሚችል መሰለሽ?» አላት። «ነይ፣ ባልዲሽን ጎትቺ።»

«መምህር፣ የእኔ ትምህርት ስለ ዕፅዋት ነበር» አለች ወይዘሮ ሱሄር። «ስለ ገመድ በዓይኔ ሳላይ አልፈርድም። እስኪ ሁለታችሁ ሞክሩት።»

ክፍሉ አጉረመረመ። ሸውቂ እጅጌውን ሰበሰበ። «ክንድሽ ቢገነጠል እኔ የለሁበትም» አለ። እሱ ሰሌዳው ሥር፣ ወለሉ ላይ ፊቱን በሚያይበት ቦታ ቆመ። ነፊሳ ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና የእግሮቿን ውስጥ በቀሚሷ ጫፍ አደረቀች፤ ደረቁ ቦታ ላይ ተተከለች። እሷ ከነባልዲዋ ስድሳ ኪሎ አትሞላም።

«በሉ» አለች ተቆጣጣሪዋ።

ሁለቱም ሳቡ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ምንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ያ ቋ ቋ የሚለው ጫማ ሌላ ድምፅ አሰማ፣ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ። ሸውቂ እንደ ቆመ መጣ። ጉልበቱ አልታጠፈም፤ እንደ ቁም ሣጥን ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። ወደ ኋላ በተለጠጠ ቁጥር ይብስ ተንሸራተተ። ነፊሳ ቁና ቁና እየተነፈሰች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ደግማ አንድ፤ ኮሪደሩ ሲሚንቶ ላይ ወጣች።

የኋላ ወንበሮቹ ብድግ አሉ።

«እጅህ ጎበዝ ነው» አለችው፤ አንቱታው ሰሌዳው ሥር ቀርቶበታል። «እግርህን ጠይቀው እስኪ ምን ነካህ በለው!»

«ልቀቂ!»

«አንተስ ለምን አትለቅም?»

መልቀቅ ይችል ነበር፤ ገመዱ በእጁ ነው። ግን በአርባ ልጃገረድና በተቆጣጣሪ ፊት ለጽዳት ሠራተኛ ገመድ የሚለቅ ወንድ ዲምያጥ ውስጥ ገና አልተወለደም። ላቡ በጢሙ ላይ ወረደ።

«ንገራቸዋ» አለች ነፊሳ። «ማነው የሚያሸንፈው?»

«እሺ፣ እግር ነው! መሬቱ ነው! በቃሽ?»

«የማን መልስ ነው?»

«የማን ይሁን ደግሞ?»

«የኢስራ ነው። ሁለት ማርክ የቀነስክባት። በጥፊ የመታሃት።»

ሸውቂ ዓይኑን አፍጥጦ አያት። አስመስሎ አልነበረም፤ እውነቱን ነበር። «ኢስራ ማናት?» አለ።

ነፊሳ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደረቁ ቦታ አድርሳ ልትተወው አስባ ነበር። ይህን ስትሰማ አሳቧን ቀየረች። ቆዳ ሶሉ ደረቁን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ መቶ አሥሩም ኪሎ ወደ ኋላ በተለጠጠበት፣ ገመዱን ለቀቀችው።

እግሮቹ ከሰውነቱ በፊት ወደ ላይ ሄዱ። ከዚያ ወለሉ ተሰማ። አንደኛው ጫማ እየተሽከረከረ የአብላ ኒዕማት ወንበር ሥር ገባ። መጀመሪያ ኋላ ከተቀመጡት አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። የሚከፍሉትም ሳቁ። ነፊሳ ልቧ በደስታ ቅቤ ጠጣ፤ ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ሰው ተጎድቶ ይሆን ብላ እንኳን አላሰበችም። ነጠላ ጫማዋን አደረገች።

«መልሱ ትክክል ነው» አለች ወይዘሮ ሱሄርና ጻፈች፤ ረጅም ጻፈች። «ልጅቷ የት ናት?»

«ትራስ ትሞላለች» አለች ነፊሳ።

ተቆጣጣሪዋ ያለፈ ውጤት እንደማይነካ በትሕትና ነገረቻት። አብላ ኒዕማት ደግሞ ያለ ትሕትና፣ ኮሪደሩ ላይ ይዛ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ነገረቻት። ነፊሳ ሁለቱንም ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ስትወጣ በሩ ላይ ከሚሸጠው ሰውዬ ሙሸበክ ገዛች፣ ያን ኢስራ ልጅ እያለች ጣቷን የምትልስለትን ጣፋጭ።

ኢስራ አመሻሽ ላይ ገባች፤ ፀጉሯ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ አለ። ነፊሳ እስክትቀመጥም አልጠበቀች። ቆማ ነገረቻት። ገመዱን በመቀነቷ አሳየቻት፤ ሲንሸራተት የነበረውን በራሷ እግር ሠራችላት፤ አወዳደቁንም ፍራሹ ላይ ወድቃ አሳየቻት።

ኢስራ አፏን ይዛ ሰማች። «ወላሂ በይ! ጫማው ወለቀ?»

«አብላ ኒዕማት ሥር ነው የገባው!»

ኢስራ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ነፊሳ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ሳቅ ሰምታው አታውቅም፤ አብራት ሳቀች፤ የሙሸበኩን ካርቶን ከፍታ አቀረበችላት።

«አየሽ ልጄ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ልክ ነበርሽ። እኔም ያልኩሽ ልክ ነበር። ዛሬ በሰው ፊት ተመሰከረ።»

«ልክ መሆኑንማ አውቃለሁ» አለች ኢስራ። «ያኔም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ለምን ኮረፍሽኝ?»

ኢስራ ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ከፀጉሯ ላይ ፍርፋሪውን ለቀመች።

«በሩ ላይ ነበርሽ እማ። ሲመታኝ ዞሬ አየሁሽ። አንቺም አየሽኝ። ከዚያ አጎንብሰሽ መወልወል ጀመርሽ።»

ነፊሳ ለሸውቂ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ቃል ነበራት። ለዚህ አንድም አላዘጋጀችም። ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«እንዳያባርሩኝ ፈርቼ ነው» አለች።

«ዛሬስ ምን አሉሽ?»

«ዛሬማ አባረሩኝ።»

ኢስራ የሙሸበኩን ካርቶን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

«ያን ቀን ብትባረሪልኝ ምን ነበረበት» አለች።