የተውሶ ዓይን

«ዓይኑ ተጨፍኗል» አለችና ፎቶውን በመስታወቱ ሥር መልሳ ገፋችው። «ዓይኑ የተገለጠ፣ አፉ የተዘጋ፣ ከኋላው ነጭ። ውጪ በር ላይ ተለጥፏል እኮ።»

ሦስተኛው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን የምለው ግን ዛሬ ነው። ያን ቀን እጄን በመስታወቱ ቀዳዳ አስገብቼ መነጽሯን ብነጥቃት ደስታዬ ነበር።

«እህቴ፣ ልጁ ዓይኑን ታሞ አይደል እንዴ?» አልኳት። «ፓስፖርት የሚያወጣውም ዓይኑን ሊታከም ነው። መግለጥ ቢችልማ እዚህ ምን ያንከራትተን ነበር?»

«ገብቶኛል። የሐኪሙን ማስረጃ አይቻለሁ፤ በአስቸኳይ የተቀበልኳችሁም ለዚያ ነው። ፎቶውን ግን እዚያ ማዶ የሚያየው ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ አያዝንም።» የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየች። «የአስቸኳይ መስኮት ለምሳ ከተዘጋ ዛሬ አይከፈትም። እስከዚያ አምጡ። ካልሆነ ሰኞ።»

ሰኞ ማለት ለእሷ ቀላል ነው። ሰኞ ካስገባን ግን ፓስፖርቱ የሚደርሰው ውጭ አገር ያለው ሐኪም የያዘልን ቀን ካለፈ በኋላ ነው። አልጋው ለሌላ ልጅ ይሰጣል፤ ሌላ ተራ መቼ እንደምናገኝ የሚያውቅ የለም። በልጁ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በየቀኑ ነርቩን እየገደለው ነው ተብለናል። የሞተው አይነሣም፤ የቀረውን ማትረፍ ነው።

በሽታው ወደ ቤታችን የገባው ቁንጅና መስሎ ነው። የታናሽ እህቴ ልጅ አራስ ሳለ ዓይኑ ትልልቅ ነበር። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ «ይህን ዓይን ከየት አመጣው!» ሲል እኛም ከኛ ወገን ነው እያልን ጉራችንን ነፋን። ዓይኑ ሲያድግ ደስታችንም አብሮ አደገ። ለካ የሚያድገው በሽታው ኖሯል። ከዚያ ብርሃን ጠላ። መስኮት ሲከፈት ይጮኻል፣ ይጨፍናል፣ ፊቱን እናቱ ደረት ውስጥ ይደብቃል። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝና ድርብ ጨርቅ ሰፍቼ ሰቀልኩላቸው፤ ቢሆንም ቀን ከየስንጥቁ መግባቱ አይቀርም። ልጁ ቀኑን ሙሉ ጨፍኖ ይውልና ሲመሽ ገልጦ ከእናቱ ጋር ይጫወታል። መብራት አጥፉ፣ በር ዝጉ እያለ ቤቱን ሁሉ በለቅሶው ስለሚያዝ «አለቃ» ብዬ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሌሊቱን ምድጃ ላይ ያድርና ጠዋት ዱቄቱን አራግፎ ይመጣል። ዝምተኛ ነው፤ ሁለት ቃል ከተናገረ የዕለቱን ጨረሰ ማለት ነው። ያን ቀን እንቅልፍ ሳይተኛ ከሥራው በቀጥታ መጥቶ ወረፋ ይዞልን ነበር።

ፎቶውን ያነሣልን ሰው ሱቁ ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ሰፈሩ «አትሳቁ» ይለዋል፤ ካሜራው ፊት ለተቀመጠ ሁሉ «አትሳቁ!» ስለሚል። እሱ ራሱ ግን ጥርሱ ተከድኖ አያውቅም። ጠዋት አለቃን ያላባበለበት መንገድ የለም፤ አጨብጭቧል፣ አፏጭቷል፣ ቁልፍ አንቃጭሏል። ልጁ ጭራሽ ዓይኑን አጥብቆ ጨፈነ።

ተመልሰን የሆነውን ስንነግረው «ይኼማ ቀላል ነው» አለ። «እኔ እገልጥለታለሁ።»

«በምን?»

«በኮምፒውተር ነዋ።» ጣቱ ትንሽ ተርመሰመሰ፤ ወዲያው አለቃ ከስክሪኑ ላይ አፈጠጠብን። ጥቋቁር፣ የጠሩ፣ የሚያበሩ ዓይኖች።

እህቴ ወደ ኋላ ሸሸች። «ይኼ የልጄ ዓይን አይደለም።»

«ለወረቀት ነው፣ እናት። ማን ያውቃል?»

«ተይ እንግዲህ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አልኳት እኔም። ከልቤ ነው ያልኩት። ዓይን ላጣ ልጅ ዓይን ቢያበድሩት ምን ነውር አለው?

ሠራተኛዋ አዲሱን ፎቶ ተቀብላ አየችው። ዘንበል አድርጋ አየችው። መነጽሯን አውልቃ እንደገና አየችው። «ይህ ዓይን የማን ነው?» አለች።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «የልጁ ነዋ» አልኩ።

«ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ። ሴት ልጅ ነበረች። ከዚያ በፊት ደግሞ መንትዮች ላይ አይቼዋለሁ። እዚያ ፎቶ ቤት የሚነሡ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይን ነው ያላቸው?»

ከኋላችን የተሰለፈ ሰውዬ ሳቀ።

«ይህ ሐሰተኛ ማስረጃ ይባላል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፋይሉን ወደ ሕግ ክፍል መምራት ነው ያለብኝ። ከዚያ እንኳን ሰኞ፣ የዛሬ ዓመትም አይወጣላችሁ።» እጇ ፋይሉ ላይ ነበር። እጇን ብቻ ነበር የማየው።

እህቴ ተጠግታ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። «አጥፍተናል» አለች። «ያጠፋነው እኛ ነን። እሱ ግን ምንም አላደረገም።»

ሠራተኛዋ ነጠላ ጨርቅ የተከናነበውን አለቃን አየች፤ ከዚያ ሰዓቱን አየች። «የራሱን ዓይን አምጡልኝ። ሌላ ዓይን ካየሁ ግን አልምርም።»

የእህቴን ባል መስኮቱ ጋ ተክለነው ወጣን። መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም፤ አንድ ሹፌር እናቴን ጨምሮ ሰድቦኛል፤ መልስ የምሰጥበት ጊዜ አልነበረኝም።

«አንተ!» አልኩት አትሳቁን ገና ከበሩ። «አንድ ዓይን ለስንት ልጅ ነው የምታከፋፍለው?»

«የእህቴ ልጅ ዓይን ነው» አለ አንገቱን ሰብሮ። «በጣም ጥሩ ወጥቶልኝ ስለነበረ ነው…»

የምለውን ሳልጨርስበት እህቴ እጄን ያዘችኝ። ወደ ጓዳው በር እያየች ነበር፤ ወረቀትና ሳጥን የሚያስቀምጥበት መስኮት የሌለው ክፍል። «እዚያ ውስጥ እናንሣው» አለች። «መብራት አጥፍተን።»

«በጨለማ ፎቶ ይነሣል እንዴ?»

«ሲጨልም ይገልጣል። ከገለጠ በኋላ አንድ ጊዜ ብልጭ ታደርጋለህ። ሳይጨፍን ትቀድመዋለህ።»

አትሳቁ ያን ጊዜ መሳቁን ተወ። «ልቀድመው እችላለሁ» አለ ቆይቶ። «ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ አያምነንም። ደግሞም… ያመዋል።»

«ያመዋል» አለች። «ጠዋት ፎቶ ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙ ጋ ደውዬ ጠይቄአለሁ፤ ብልጭታው አይጎዳውም። ግን ያመዋል።» ልጇን አውቃ ለማሳመም የምትሰናዳ እናት ከዚያ በፊት አላየሁም። ተይ ግን አላልኳትም።

ሳጥኖቹን ገፍተን ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፍን። አትሳቁ በርጩማ ላይ ቆሞ ካሜራውን ወደታች አዘቀዘቀ፤ መብራቱ ሳይጠፋ የኔን ጭብጥ እጅ የልጁ ራስ የሚያርፍበት ቦታ አስቀምጦ ካሜራውን በእጄ ላይ አስተካከለ። «ራሱ ከዚህ ቦታ ንቅንቅ እንዳይል» አለ። በሩ ዙሪያውን ብርሃን ያስገባ ነበር። በከረጢቴ ለአንዲት ደንበኛ የማደርሰው መጋረጃ ነበረ፤ ባለ ሁለት እጥፍ፣ ያውም ገና ያልተነካ። እሷ ዛሬ ትቆጣ ብዬ በሩ ላይ በሚስማር ቸነከርኩት።

ልጁን አንሶላው ላይ አስተኝተን መብራቱን አጠፋን። መጀመሪያ ላይ አለቃ ተነጫነጨ። ከመንገድ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። የአትሳቁ ትንፋሽ ከላዬ ይሰማል። በኪሴ ስልኬ ነዘረ፤ ብርሃኑ እንዳይወጣ ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። የእህቴ ባል ነው፤ እሱ ደግሞ ካልጨነቀው አይደውልም።

«አለቃዬ» አለች እህቴ። «እኔ ነኝ። እናትህ ነኝ። ሁሉም ሄደዋል። እኔና አንተ ብቻ ነን።»

ዋሸችው። እሱም አመናት፤ መነጫነጩን ተወና በጉሮሮው የሚያወራትን ወሬ ጀመረ። መዳፏን ዓይኑ ላይ አንዣብባ እንደያዘች አውቃለሁ፤ ሌሊት ሌሊት እንደዚያ ነው የምታደርገው፤ ሽፋሽፍቱ ሲነካት መግለጡን ታውቃለች። እኔ መተንፈስ አቁሜ ነበር። ቆየ። በጣም ቆየ። ስልኩ እንደገና ነዘረ።

«ገለጠ» አለች በሹክሹክታ፤ መዳፏን አነሣች። «አሁን!»

ክፍሉ ነጭ ሆነና ተመልሶ ጠፋ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከአለቃ ሰምቼ አላውቅም፤ ጎኔን ነው የወጋኝ። እህቴ አፈፍ አድርጋ አቀፈችው፤ «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ የኔ ጌታ» እያለች በጨለማው ትወዛወዛለች።

አትሳቁ ካሜራውን ወደ ሱቁ ይዞ ወጣ። ቀስ ብዬ ከኋላው ሄድኩ። አለቃ ካሜራው ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ ያየኝ ነበር። ሰፋ ያሉ፣ ከፊቱ የሚበልጡ ዓይኖች፤ ጥቁሩ ላይ እንፋሎት የያዘው መስታወት ዓይነት ሰማያዊ ጉም ተኝቷል። ቆንጆ ነበሩ። በሽታ መሆኑን እያወቅሁም ቆንጆ ነበሩ።

«ምንም አልነካውም» አለ አትሳቁ። «እንዳለ ነው የማትመው።»

መጋረጃውን ከሚስማሩ ነቅዬ በክንዴ እንዳንጠለጠልኩ ሮጥን። አዳራሹ ባዶውን ቀርቷል። ሠራተኞቹ መሳቢያ እየቆለፉ ነው። የእህቴ ባል ሁለት እጁን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ መስኮቱን ሊዘጉ ቢሞክሩ ጣቶቹን ቀድመው ሊያገኙ ነው።

«መጡ» አለ። የዕለቱን ቃል ጨረሰ አልኩ በልቤ። ተሳስቼ ነበር።

ሠራተኛዋ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ዓይኑ ላይ ጭጋግ አለ» አለች። «ጥራት ይጎድለዋል።»

«ጭጋጉ የፎቶው አይደለም» አለች እህቴ። «የሱ ነው። እሱን ለማስጠረግ ነው የምንሄደው።»

ሠራተኛዋ ማኅተሙን አነሣች፤ ግን አልመታችም። ቅድም ልናታልላት ሞክረናል፤ አልፈርድባትም። ፎቶውን ወደ አባትየው አዞረችው። «ማመልከቻው ላይ የፈረምከው አንተ ነህ። ይህ ዓይን የልጅህ ነው?»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። አየ። «እንጃ» አለ።

እግሩን ረገጥኩት። እውነቴን ነው፤ በተረከዜ ነው የረገጥኩት። ሠራተኛዋ ማኅተሙን አስቀመጠች።

«እንጃ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እኔ ሌሊት ነው የምሠራው» አለ። «ልጄን የማየው ቀን ነው። ቀን ደግሞ ይጨፍናል። ገልጦ ያየሁት አራስ ሳለ ነው፤ ያኔ እንዲህ አልነበረም።» ቀና ብሎ አያት። «ቅድም ዋሽተንሻል። አሁን ደግሞ የማላውቀውን አውቃለሁ ልበልሽ?»

እኔና እህቴ ተያየን። በአንድ ግቢ እየኖርን፣ ስንት ሌሊት የአለቃን ዓይን አይተን ስናወራለት፣ አንዴም አላሰብነውም። ዝምታውን የእንቅልፍ እጦት ነው እያልኩ ስቀልድበት ነበር የኖርኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሠራተኛዋ ተነሣች። መስኮቱን ዘጋችው። አለቀ አልኩ። የጎን በሩ ተከፈተና ራሷ ብቅ አለች። «ግቡ» አለች።

ከኋላ ያለው የፋይል ክፍል ነበር፤ መደርደሪያ እስከ ጣሪያ። መብራቱን አጠፋችው። እኔ ሳልታዘዝ የበሩን ስንጥቅ በመጋረጃዬ ሸፈንኩ። ጥግ ላይ ካለ የማባዣ ማሽን ትንሽ አረንጓዴ መብራት ትታያለች፤ ሌላ ብርሃን የለም። እህቴ አለቃን ለአባቱ አቀበለችው።

አለቃ ገና ከቅድሙ ጩኸት ሳግ ይዞት ነበር። ደግመን ያታለልነው መስሎት ፊቱን አዞረ። አባቱ ምንም አላለም፤ ምን እንደሚባል አያውቅማ። ዝም ብሎ ያዘው። ሳጉ እየሳሳ መጣ። ከዚያ ትንሿ እጅ ተነሥታ የአባቱን አፍንጫ ጨበጠች።

«አየኝ» አለ። «እያየኝ ነው።»

ሠራተኛዋ አጠገቡ ቆማ ጎንበስ አለች፤ እሷም አየች። «የልጅህ ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

«የኔ ነው።» ያለቅስ ነበር።

ማኅተሙን ይዛው ነበር የገባችው። መብራቱን አላበራችም። በዚያች አረንጓዴ ብርሃን ወረቀቱን ዳብሳ መታችው፤ ኋላ ስናየው ጠምሞ አርፏል። እህቴ ልጁን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ሠራተኛዋ ያዘቻት።

«ተያቸው» አለች። «ምሳ ሰዓቴ ነው፤ የምቸኩልበት የለኝም።»